ጊታር ያለ አስተማሪ ጀምሬያለሁ፣ ከየት ልያዘው?

ሄሉ_አዳማ፦
ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ ውጭ ሲሄድ ቦክስ ጊታሩን ትቶልኝ ሄደ። ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ከሚጠጣ ብዬ ከሥራ መልስ መነካካት ጀመርኩ። የሚያስተምር ሰው ጠይቄ ነበር፣ ሰዓቱ ከሥራዬ ጋር አልገጠመም። ስለዚህ አስተማሪዬ ዩቲዩብ ነው።

ችግሬ ብዙ ነው። የጣቶቼ ጫፍ ተልጦ ሽንኩርት ስከትፍ ሁሉ ያቃጥለኛል። ከሲ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ወደ ጂ ኮርድ እስክዛወር ዘፈኑ ጥሎኝ ይሄዳል። ኤፍ የሚባለው ኮርድ ደግሞ ለሰው ልጅ የተሠራ አይመስለኝም። ጣቴ አጭር ስለሆነ ይሆን?

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን ሌላ ነው። የአማርኛ ዘፈን ኮርድ ከኢንተርኔት አውጥቼ ስሞክር ፈረንጅ ፈረንጅ ይላል። እናቴ ሰምታ «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አለችኝ። እሷ በቃሏ የምትዘፍነው ዘፈን ነው እኮ!

የእንጨት_ሰው፦
ሄሉ፣ ጣትሽን ተይውና መጀመሪያ ጊታሩን እንየው። ጊታር እጠግናለሁ። «ጣቴ አይሆንም» ብለው ከሚመጡልኝ አብዛኞቹ ጣታቸው ደህና ነው፤ የታመመው ጊታራቸው ነው።

ጭንቅላቱን እይው። መሐሉ ተቦርቡሮ ክሮቹ ነጭ የፕላስቲክ ዘንግ ላይ ነው የሚጠመጠሙት ወይስ ድፍን ሆኖ ብረት ነው የቆመበት? ክሮቹስ? ሦስቱ ቀጫጭኖች ናይለን ናቸው ወይስ ሽቦ? ከዚያ የተማሪ ማስመሪያ አምጪና 12ኛው ፍሬት ላይ (ፍሬት ማለት አንገቱ ላይ የተጋደሙት ብረቶች ናቸው፣ ከጭንቅላቱ ጀምረሽ ቁጠሪ) ከፍሬቱ ብረት እስከ ወፍራሙ ክር ሥር ያለውን ክፍተት ለኪ።

ሄሉ_አዳማ፦
ጭንቅላቱ ተቦርቡሯል፣ ነጭ ዘንግም አለው። ክሮቹ ግን ሁሉም ሽቦ ናቸው። ክፍተቱ 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ደግሞ ክሮቹ የታሰሩበት እንጨት ከኋላው ብድግ ያለ ይመስላል። ወረቀት ይገባበታል።

የእንጨት_ሰው፦
አሁኑኑ ክሮቹን አላልተሽ ተመለሺ!

እሺ፣ ላስረዳ። ያ ክላሲካል ጊታር ነው፣ ለናይለን የተሠራ። ስድስት የናይለን ክሮች ተቃኝተው በጠቅላላ የሚስቡት ወደ 40 ኪሎ ነው። ሽቦ ግን ቀጭኑ ዓይነት እንኳ ወደ 70 ኪሎ ይስባል። ውስጡ ያለው የድጋፍ እንጨት ይህን አይችልም። አንገቱ ውስጥም ብዙውን ጊዜ የሚያጠነክረው ብረት የለም። ስለዚህ ድልድዩ (ክሮቹ የታሰሩበት ያ እንጨት) ይነቀላል፣ ፊቱ ያብጣል፣ አንገቱ ይጎብጣል፣ ክሩም ከፍሬቱ እየራቀ ይሄዳል። አንቺ ኤፍ ልያዝ ስትዪ የምትታገዪው ከዚህ ሁሉ ጋር ነው። ሽቦ የሚገጥሙበት ሰዎች «ድምፁ ይደምቃል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይደምቃል፤ ጊታሩ እስኪፈርስ።

ድልድዩ ጨርሶ ተነስቶ፣ አሮጌው ኮላ ተጠርጎ፣ በእንጨት ኮላ ተለጥፎ፣ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ቢያንስ አንድ ቀን ማደር አለበት። ጥሩ አናጢ ካገኘሽ ይሠራዋል። «በሱፐር ግሉ አሁን ላድርግልሽ» ካለሽ ግን ጊታርሽን ይዘሽ ውጪ። ከዚያ የናይለን ክር ግዢ፤ ኖርማል ቴንሽን (መካከለኛ ውጥረት) የሚለው ይበቃል።

ክር ከገባ በኋላ 12ኛው ፍሬት ላይ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ከሆነ ጥሩ ነው። አሁንም ከፍ ካለ ድልድዩ ላይ ያለችውን ነጭ ቁራጭ አውጥተሽ ከሥሯ በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቂያት። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ስለሆነ እዚያ 1 ሚሊሜትር ለማውረድ ከቁራጯ 2 ሚሊሜትር ነው የሚነሳው። ቀስ እያልሽ፤ አንዴ ከፈቀፈቅሽው አይመለስም።

ሌላ አንድ ነገር። ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጫኚና 1ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እይ። ወረቀት የምታሳልፍ ያህል ብቻ መሆን አለበት። ከዚያ ከበለጠ ጭንቅላቱ ሥር ያለችው ነጭ ቁራጭ ላይ ያሉት ቦዮች ጥልቀት ይጎድላቸዋል ማለት ነው። ኤፍን የሚያከብደው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። እሱን ግን ራስሽ አትነካኪው፣ ቀጭን ሞረድ ይፈልጋል።

ሄሉ_አዳማ፦
ወንድሜን ደውዬ ጮህኩበት። «ሱቅ ውስጥ ክር ስጠይቅ ይሄን ሰጡኝ» አለ። የሰፈራችን አናጢ እሞክራለሁ ብሏል።

ጋሼ_ኖታ፦
ልጄ፣ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ያለ አስተማሪ መጀመር አልወድም። በልምድ የገባ የእጅ አያያዝ በኋላ አይወጣም። አውራ ጣትሽ ከአንገቱ በላይ ወጥቶ፣ አንጓሽ ተቆልምሞ፣ ትከሻሽ ተሰቅሎ ከለመድሽ ባር ኮርድ (አንድ ጣት ብዙ ክር የሚጫንበት) ላይ ስትደርሺ ይጠብቅሻል። ኖታም ከመጀመሪያው ተማሪ። በኋላ እማራለሁ የሚል ሰው አይማርም።

ናሆም_ሪያድ፦
ጋሼ፣ ከአክብሮት ጋር፣ አስተማሪ የሌለበት ቦታ ያለ ሰው ምን ያድርግ? እኔ ያለሁት ሪያድ ነው፣ ክፍሌን ከሌሎች ልጆች ጋር ነው የምካፈለው። የተማርኩት በስልክ ነው። ጀስቲን ጊታር የሚባለውን ድረ ገጽ ነፃ ትምህርት ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሬ በተራ ሄድኩበት። ዋናው ነገር አንድ መንገድ ይዞ አለመልቀቅ ነው። ዛሬ አንዱን ቪዲዮ፣ ነገ ሌላውን የሚያይ ሰው ሁልጊዜ ጀማሪ ነው።

ለእጅ አያያዙ ስልኬን ከፊቴ አቁሜ ራሴን እቀርጻለሁ። ትከሻዬ ተሰቅሎ ከሆነ ቪዲዮው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የጣት ጫፍ መቁሰል ምንም አይደለም፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ይጠነክራል። አንጓ ካመመሽ ወይም እጅሽ ከደነዘዘ ግን ወዲያው አቁሚ።

ለጎረቤትም ለክፍል ጓደኛም የሚሆን ዘዴ ልስጥሽ። ድልድዩ አጠገብ ክሮቹ ሥር የታጠበ ካልሲ ሸጉጪ። ድምፁ ዱብ ዱብ ብሎ ይቀራል፣ ጣትሽ ግን ሥራውን ይሠራል። እዚህ ደግሞ ኤሲው አየሩን ያደርቀዋል፣ እንጨት ይሰነጠቃል። ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ነው የሚመከረው። ስለዚህ ጊታሬን ከቦርሳው አላወጣውም፣ እርጥብ ስፖንጅም በቀዳዳ ሳሙና መያዣ አድርጌ ውስጡ አስቀምጣለሁ። መኪና ውስጥ ጊታር ትቶ መሄድማ አይታሰብም። አዳማም ፀሐዩ ቀላል አይደለም።

አቤል_ኳየር፦
ጋሼም ናሆምም ልክ ናችሁ፣ ግን ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ሲ እና ጂ ነው 😄

ሄሉ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር ነው ያደግኩት። እዚያ እሁድ የሚባል ቀነ ገደብ ስላለ ትማሪያለሽ። ኮርድ ለመቀየር ሚስጥሩ ፍጥነት አይደለም። የትኛው ጣት መነሳት እንደሌለበት ማወቅ ነው። ሲን ያዢ። አሁን ኤ ማይነርን ያዢ። አየሽ? ሌባ ጣትሽ 2ኛው ክር (ክር የሚቆጠረው ከቀጭኑ ጀምሮ ነው) 1ኛ ፍሬት ላይ እንዳለች ናት። መሐል ጣትሽም 4ኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ እንዳለች ናት። የቀለበት ጣትሽ ብቻ ናት ከ5ኛው ክር 3ኛ ፍሬት ወደ 3ኛው ክር 2ኛ ፍሬት የሄደችው። አንድ ጣት! ጀማሪ ግን ሦስቱንም አንስቶ በአየር ላይ ሲፈልግ ይውላል። ኢ ሜጀርና ኤ ማይነር ደግሞ ቅርጻቸው አንድ ነው፣ አንድ ክር ወደ ታች ማንሸራተት ነው። ሲ እና ጂ እንዲህ አይገናኙም፣ ለዚህ ነው የከበደሽ። በእነሱ አትጀምሪ።

የስልክሽን ሰዓት 1 ደቂቃ ላይ አድርጊና በሁለት ኮርዶች መካከል ስንት ጊዜ በንጹሕ እንደቀየርሽ ቁጠሪ። ነገ ድገሚው። በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ እሁድ ብቻ ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ በጣም ይሻላል። ስትጫኚ ደግሞ ፍሬቱ ብረት ላይ ሳይሆን ልክ ከኋላው ተጠግተሽ ተጫኚ፤ ግማሽ ጉልበት ይበቃሻል።

ክራር_መቺ፦
«ፈረንጅ ፈረንጅ ይላል» ያልሽውን ማንም አልነካውም። ለእኔ ተዉት። ክራር ነው የእኔ፣ ወደ ጊታር የመጣሁት በኋላ ነው።

ቅኝቶቻችን አምስት ድምፅ ናቸው። ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም። ኢንተርኔት ላይ ኮርድ የሚጽፈው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሰባት ድምፅ ጆሮ ነው ያለው። ዘፈኑ በኤ ትዝታ ማይነር ነው እንበል። ሰውየው መሐል ላይ ጂ ሜጀር ሰካበት። ጂ ሜጀር ውስጥ ጂና ዲ አሉ፣ ቅኝቱ ውስጥ ግን ሁለቱም የሉም። እናትሽ የታዘበችው ያንን ነው። ጆሮዋ አልዋሸም።

አሁን ጊታርሽ ሲሠራልሽ ይሄን ሞክሪ። በትክክል ቃኚውና ምንም ሳትይዢ ክሮቹን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ምቺ። ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ። ኢ ስለተደገመች አምስት ድምፅ ናቸው። ከጂ ጀምረሽ በተራ ደርድሪያቸው፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። ይህ ትዝታ ሜጀር ነው! ጣት ሳታስነኪ። ያንኑ ከኢ ጀምረሽ ኢ ላይ ብታርፊ ደግሞ ባቲ ማይነር ይሆናል። ብሉዝ የሚጫወቱት ማይነር ፔንታቶኒክ (አምስት ድምፅ) ብለው መጀመሪያ የሚማሩት ይህንኑ ነው። ለዚህ የሚሆኑሽ ኮርዶች ጂ ሜጀርና ኢ ማይነር ናቸው። ሁለቱም ከቅኝቱ አይወጡም።

ትዝታ ማይነር ከፈለግሽ ከኤ ጀምሪ፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። 5ኛውን ክር ባዶውን፣ ከዚያ 2ኛ ፍሬት፣ ከዚያ 3ኛ። ወደ 4ኛው ክር ውረጂ፣ 2ኛ ፍሬት፣ 3ኛ ፍሬት። 3ኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ኤን እንደገና ታገኛለሽ። እጅሽ ከቦታው አልተነሳም። ያንኑ አምስት ድምፅ ኢ ላይ እያረፍሽ ብትጫወቺው አምባሰል ይሸታል።

ስለ ኤፍ ደግሞ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። ሙሉውን ኤፍ አትያዢ። ኤፍ ሜጀር ሰባት የሚባለውን ያዢ። ሌባ ጣት 2ኛው ክር 1ኛ ፍሬት፣ መሐል ጣት 3ኛው ክር 2ኛ ፍሬት፣ የቀለበት ጣት 4ኛው ክር 3ኛ ፍሬት። 1ኛው ክር ባዶ፣ 5ኛውና 6ኛው አይመቱም። ድምፆቹ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ ናቸው፤ አራቱም ትዝታ ማይነር ውስጥ አሉ። ከኤ ማይነር ስትመጪ ሌባ ጣትሽ አትነሳም። በእነዚህ ሁለት ኮርዶች ብቻ ማታ ሙሉ ማንጎራጎር ይቻላል።

አቤል_ኳየር፦
ወንድሜ፣ ልጅቷ ሲ መያዝ አቅቷታል፣ አንተ አምባሰል አስገባሃት 😂
ግን የኤፍ ሜጀር ሰባቷ ነገር ተመችታኛለች።

ጋሼ_ኖታ፦
ክራር መቺ፣ በአንድ ነገር አልስማማም። ከቅኝቱ ውጭ ያለ ድምፅ ኮርድ ውስጥ አይግባ ያለው ማነው? ሙላቱ አስታጥቄ የእኛን አምስት ድምፅ ከ12 ድምፅ ሐርመኒ ጋር አጋጥሞ አይደለም እንዴ ኢትዮ ጃዝን የሠራው? ዜማው ቅኝቱን ይጠብቅ እንጂ አጃቢው ነፃ ነው።

ክራር_መቺ፦
ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ልክ ነው። ሙላቱ ግን የትኛው ድምፅ ከቅኝቱ እንደወጣ እያወቀ ነው ያስገባው። ኮርድ ጻፊው ግን ሳያውቅ ነው። ሄሉ መጀመሪያ ውስጡን ትልመደው፣ መውጣቱ ይደርሳል።

ጋሼ_ኖታ፦
እዚህ ላይ ተስማምተናል። አንቺሆዬን ግን ለጀማሪ አታሳያት፣ ለኮርድ አይመችም።

ናሆም_ሪያድ፦
እኔ ደግሞ ሁላችሁም የረሳችሁትን ልጨምር፤ ቀኝ እጅ። ኮርዱ ልክ ሆኖ ምቱ ልክ ካልሆነ አሁንም ፈረንጅ ነው። ቪዲዮዎቹ የሚያስተምሩት የአራት ምት አመታት ነው። ችክችካ ግን ስድስት ስምንተኛ ነው። ከ1 እስከ 6 እየቆጠርሽ 1 እና 4 ላይ እግርሽን ምቺ። እጅሽ ታች ላይ ታች፣ ታች ላይ ታች ይበል። 1 እና 4ን ጠበቅ፣ ሌላውን ለስለስ። መጀመሪያ ክሮቹን በግራ እጅሽ አፍነሽ ያለ ኮርድ ምቺ። ዝም ብሎ ቸክ ቸክ ይበል። እሱ ሲገባሽ ኮርዱን ጨምሪ።

ጆሮሽን ለማሠልጠን ጊታር ተጫዋቹን ሰላም ስዩምን ስሚ፣ አይቤክስ ባንድ በኋላም ሮሃ ባንድ ውስጥ የተጫወተውን። ዘፋኙን ለጊዜው እርሺውና ጊታሩን ብቻ ተከተዪ። ለቦክስ ጊታር ደግሞ የግሩም መዝሙር አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት አለልሽ። የድሮ ዜማዎች በማንዶሊን፣ በአኮርዲዮንና በጊታር።

ሄሉ_አዳማ፦
ጊታሬ ተመለሰ! አናጢው ኮላውን ጠርጎ ለጠፈው፣ ናይለን ክርም ገባለት። አሁን 12ኛው ፍሬት ላይ 4 ሚሊሜትር ነው። ጣቴ ተአምር አልሆነም፣ ግን ኤ ማይነር ሁሉም ክር ጠራልኝ። ኤፍ ሜጀር ሰባትም ትይዛለች።

ጥያቄ፦ ቃኝቼው ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ወርዶ አገኘዋለሁ። አናጢው አበላሽቶት ነው? ደግሞ በፒክ (በክር መምቻ ቁራጭ) ልምታ ወይስ በጣት?

የእንጨት_ሰው፦
አናጢው ምንም አላደረገም። አዲስ ናይለን ጥቂት ቀናት ይለጠጣል፣ እስኪረጋ ደጋግመሽ ቃኚው። የስልክ ቲዩነር (መቃኛ) ስትጠቀሚ ግን ተጠንቀቂ። 1ኛውም 6ኛውም ክር ኢ ናቸው፣ በሁለት ኦክታቭ (ኦክታቭ ያው ድምፅ በቀጭኑ እስኪደገም ያለው ርቀት ነው) ይራራቃሉ። ስልኩ ኢ ስላለሽ ብቻ ትክክለኛው ኢ ላይ ነሽ ማለት አይደለም። ክሩ ከመጠን በላይ ጠጥሮ ስልኩ «ገና ነው» ካለሽ አቁሚ፣ አንዱን ኢ አልፈሽ ወደ ሌላው እየሄድሽ ይሆናል። ክር የሚበጠሰው እዚያ ጋ ነው።

ናይለን ላይ ጣት ይሻላል። አውራ ጣት ለወፍራሞቹ፣ ሌሎቹ ሦስት ጣቶች ለቀጫጭኖቹ። ችክችካ ስትመቺ በሌባ ጣትሽ ጥፍር ጀርባ ገረፍ አድርጊው።

ክራር_መቺ፦
እናትሽ አሁን ምን አለች?

ሄሉ_አዳማ፦
«ቶሎ ቶሎ በይው» አለች። ዘፈኑን ግን አውቃዋለች።

ቢኒ_ግራኝ፦
ይቅርታ ውይይቱን ልጥለፍ፤ እኔ ግራኝ ነኝ። ክሮቹን ገልብጬ ብገጥማቸው ይሆናል? የግራኝ ጊታር ስጠይቅ ይስቁብኛል።

የእንጨት_ሰው፦
ክላሲካል ከሆነ ይቻላል። ነጯ የድልድይ ቁራጭ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ያለች ናት፣ ስለዚህ ጭንቅላቱ ሥር ያለችው ብቻ ቦዮቿ ለወፍራምና ለቀጭን ክር ስለተለኩ በአዲስ ትቀየራለች። የሽቦ ጊታር ግን ድልድዩ ላይ ያለችው ቁራጭ ያዘነበለች ናት። ስትገለብጠው ወደ ላይኛው ፍሬት ስትወጣ ድምፁ አይገጥምም። ገና ካልጀመርክ በቀኝ ሞክረው፤ በጊታር ሁለቱም እጅ ሥራ አለው። ከጀመርክና በግራ ከተመቸህ ግን አትታገል፣ ጊታሩን ላክልኝ፣ ቁራጯን እሠራልሃለሁ።